ፕላዝማውን በዳዶ የያዝንበት ዓመት

ዘመኑ 1997 ዓ.ም. ነው፤ መስከረም ሊያልቅ ሲል። ሌላው አገር ክረምቱን ሸኝቷል። ቦንጋ ግን ዝናብ ቶሎ አይሰናበትም። በዚያ ሰሞን ከሺሺንዳ አንደኛ ደረጃ ተዛውሬ ቦንጋ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ሆንኩ።

የመጀመሪያ ቀን በእጄ አዲስ የጠመኔ ፓኮ ይዤ ነበር። ርእሰ መምህሩ ጋሽ ደምሴ አዩትና ሳቁ።

«ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ላስተምርበት ነዋ፣ ጋሼ።»

«የሚያስተምርልሽ መጥቷል። ነይ ላሳይሽ።»

ዘጠነኛ ዲ ክፍል ወሰዱኝ። ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ግድግዳው ላይ የብረት ሳጥን ተገጥሟል። ቴክኒሻኑ ቁልፉን ከፈተው። ውስጡ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የሚበልጥ ቴሌቪዥን አለ። ጣሪያው ላይ ዲሽ ተተክሏል። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ። እኛ ሁሉንም ነገር ጠቅልለን ፕላዝማ አልነው።

ጋሽ ደምሴ ሥራዬን አስረዱኝ። «መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ታስተዋውቂያለሽ። ከዚያ ፕላዝማው ያስተምራል። ሲጨርስ ጥቂት ደቂቃ ታጠቃልያለሽ። በመሀል አትናገሪም። ከእንግዲህ የምትባይውም ፋሲሊቴተር ነው።»

ሥራውን ሳልጀምረው ስሙ ተቀየረ። ተመስገን አልኩ፤ ደመወዙ ያው ነው።

ሰዓቱ ደረሰ። ስድሳ ምናምን ልጆች ዴስካቸው ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ ከገጠር ቀበሌ የመጡ ናቸው፤ ቦንጋ ቤት ተከራይተው፣ ሰኞ ሰኞ ቆጮ ተሸክመው የሚመጡ። ፕላዝማው በራ። ክራቫት ያሰረ ሰው ብቅ አለና «ጉድ ሞርኒንግ፣ ስቱደንትስ!» አለ።

ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ። «ጉድ ሞርኒንግ፣ ቲቸር!»

ከዚያ ቆሙ። በእኛ አገር መምህር «ሲት ዳውን» ሳይል የሚቀመጥ ተማሪ የለም። ክራቫት ያሰረው ሰውዬ ደግሞ ይህን ማን ይንገረው? ስለ ሕዋስ ማስተማሩን ጀመረ። እኔ በመሀል እንዳልናገር ተነግሮኛል። በእጄ «ተቀመጡ» አልኩ። ከፊት ያሉት ተቀመጡ፤ ዞር ብለው ሌሎቹ እንደ ቆሙ ሲያዩ አፍረው እንደገና ተነሡ። ማስታወሻቸውን የጻፉት ድንች እንደሚለቅም ሰው ዴስኩ ላይ ጎንበስ ብለው ነው። ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ አንድም ልጅ አልተቀመጠም።

ሰውዬው «ባይ ባይ» ብሎ ሲጠፋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዘጭ አሉ። የዴስኩ ድምፅ እስከ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተሰማ።

«ምን ወደቀ?» ብለው ጋሽ ደምሴ ሮጠው መጡ።

«ምንም አልወደቀም፣ ጋሼ። ደክሟቸው ነው።»

ከክፍሉ ጀርባ ሄጄ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ሳቅ ከሠርጌ ቀን ወዲህ አልሳቅሁም።

መቀመጡን በማግስቱ ተማሩ። ሌላው ግን ቀረ። ፕላዝማው ጥያቄ ይጠይቃል። ሰዓት ቆጣሪ ይመጣል። ልጆቹ እንግሊዝኛውን ፈትተው ሳይጨርሱ ሰዓቱ ያልቅና ሰውዬው ፈገግ ብሎ «ቬሪ ጉድ!» ይላል።

ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ማን መለሰ?

«የቢታ ገነት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው» አለ አንዱ። ፕላዝማው በሁሉም ትምህርት ቤት በአንድ ሰዓት እንደሚታይ ሰምቷል፤ ሰውዬውም ሁሉንም የሚሰማ መስሎታል።

«የቢታ ገነቶች መቼ እንግሊዝኛ አወቁና!» አለ ሌላው። «አዲስ አበቦች ናቸው እንጂ።»

ለጥቂት ሳምንት ዘጠነኛ ዲ ከቢታ ገነት ጋር እሽቅድምድም ገባ። ሰዓት ቆጣሪው ሲመጣ የመጣላቸውን ሁሉ ይጮኻሉ፤ «ቬሪ ጉድ» ሲባሉ ያጨበጭባሉ። ሰውዬው እንደማይሰማቸው ስነግራቸው ያዘኑት ነገር! አንዷ ልጅ «ታዲያ በየቀኑ ሰላም የምንለው ለማን ነው?» አለችኝ።

ደስ ይለን ነበር። ግን አልገባቸውም። ፈተና ስሰጣቸው ወረቀቱ ባዶ መጣ። ሥዕሉን አይተውታል፤ ቃሉን ሰምተውታል፤ ግን ሁሉም እንደ ውሃ አልፏል።

በኅዳር ግምገማ ተቀመጥን። የዚያን ዘመን ግምገማ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጋሽ ደምሴ ተራዬ ሲደርስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መምህርት አስካለ፣ አንቺ ዲፕሎማ ነው ያለሽ። ለዘጠነኛ ክፍል የሚፈለገው ዲግሪ ነው። ፕላዝማው ስላለ ነው እስከ ዛሬ የታለፈው። አሁን ደግሞ የፈተናው ውጤት ይኸው። ደካ አንደኛ ደረጃ ላይ ክፍት ቦታ አለ።»

«ደካ?» አልኩ።

«የዞኑ ሱፐርቫይዘር ከጥምቀት በኋላ ይመጣል። ክፍልሽን ያያል። እሱ ካላመነበት ደካ ነሽ።»

ደካ የጌሻ ወረዳ ከተማ ናት፤ ደግ ሕዝብ ያለባት አገር። ግን ሩቅ ናት። እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ትንሿ ገና ጡት አልተወችም። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ማሽኑ ቦንጋ ገበያ የአንድ ሐጂ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው ያለው። ደንበኞቹን ይዞ ደካ አይሄድም። ማታ ነገርኩት።

«እንግዲህ ሱፐርቫይዘሩ ሱሪው ቢቀደድ በነፃ እሰፋለታለሁ» አለኝ። የሚችለው ይህንን ነበር።

እኔም የምችለውን አደረግሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ነገሩን ለእመቤቴ ሰጠሁ። ሰኞ ክፍል ገብቼ ልጆቹን እውነቱን ጠየቅኋቸው።

«ፕላዝማው የማይገባችሁ ለምንድን ነው?»

በላይነሽ የምትባል ልጅ ነበረች። ከሁሉም በዕድሜ ትበልጣለች፤ ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ ነው። አራተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። ተነሣች።

«ቲቸር፣ ሰውዬው ይሮጣል። ቃሉን ስጽፍ ሥዕሉ ያልፈኛል። ሥዕሉን ስስል ጥያቄው ያልፈኛል።»

«ምን ይሻላል?»

«እኛ ቤት ማሳ ለአንድ ሰው ሲበዛ ዳዶ ነው። በዳዶ እንያዘው።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ዳዶን ካፋ ውስጥ የማያውቅ የለም። ጎረቤት ይሰባሰብና ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ አብሮ ይሠራል። አንዱ ይመነጥራል፣ አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ ይዘራል። ድርሻውን የተወ ይቀጣል። ቆሞ የሚያይ ሰውም የለም፤ ማሳው ላይ የደረሰ ሁሉ፣ መንገደኛም ቢሆን፣ ዶማ ይሰጠዋል።

ክፍሉ አራት ረድፍ ነበር። እዚያው ተካፈልነው። አንደኛው ረድፍ ቃል ይይዛል። ሁለተኛው ሥዕል። ሦስተኛው «ለምን» እና «ስለዚህ» የተባለውን ሁሉ። አራተኛው ጥያቄውን ከነመልሱ። በረድፉ ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ተራ ተሰጣጡ፤ የመጀመሪያው ቃል የእሱ፣ ቀጣዩ የእሷ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ፕላዝማው ሲያበቃ በቀረችን ጥቂት ደቂቃ ሁሉም የያዘውን ያመጣል፤ እኔ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ እገጣጥመዋለሁ። ያልገባቸውን በካፍኛም፣ በአማርኛም፣ በእጅም አስረዳለሁ። ድርሻውን የጣለ ክፍሉን ይጠርጋል። ቅጣቱን እነሱ ናቸው ያወጡት።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። ሰውዬው እንቁራሪት አሳየ። የሥዕል ረድፍ ምስሉ ቶሎ ስለሚያልፍበት ግማሹ ከወገብ በላይ፣ ግማሹ ከወገብ በታች ሊስል ተስማማ። ሲገጠም ጭንቅላቱ የክብሪት ቀፎ የሚያክል፣ እግሩ የበሬ የሚያክል እንስሳ ወጣ።

«ይሄ እንቁራሪት አይደለም፣ ጌታው!» ብሎ ጮኸ የቃል ረድፍ። «ይሄ በዳዶ የተሠራ በሬ ነው!»

«ቃላችሁን ያዙ! ‹አምፊቢያን› ብላችሁ መጻፍ ያቃታችሁ!» አለ የሥዕል ረድፍ።

እኔ እንቁራሪቷን እያየሁ ጠመኔው ከእጄ እስኪወድቅ ሳቅሁ። ግን ልብ አልኩ፤ ያን ቀን የእንቁራሪትን እግር ያልያዘ ልጅ አልነበረም።

በሳምንት በሳምንት ረድፎቹ ሥራ ይቀያየሩ ነበር። ልጆቹ ፕላዝማው ሳይከፈት እጃቸውን ያፍታታሉ፤ እንደ እግር ኳስ ተጫዋች። ሰውዬው «ጉድ ሞርኒንግ» ሲል ተቀምጠው፣ እስክሪብቶ አንሥተው፣ «ጉድ ሞርኒንግ፣ ቲቸር፣ ቀስ በል!» ይሉታል። አንድ ልጅ ድርሻው ሲያልፈው «ውይ!» ይላል፤ ረድፉ በሙሉ በሹክሹክታ ይሰድበዋል። ዝናብ ሲበረታ ምስሉ ይቆራረጣል፤ ያኔ የተቆረጠውን ቦታ የሚሞላው የ«ለምን» ረድፍ ነበር፤ «እንዲህ ሊል ነው» እያሉ ይከራከራሉ።

ጋሽ ደምሴ ሁለት ጊዜ በመስኮት አዩን።

«ትእዛዙ ዝም ብለው እንዲከታተሉ ነው» አሉኝ። «ያንቺ ክፍል እንደ ቅዳሜ ገበያ ይንጫጫል። ሱፐርቫይዘሩ ይህን ቢያይ እኔን ምን ይለኛል?»

«ጋሼ፣ እየተከታተሉ ነው።»

«አፋቸው እየተከታተለ ነው?»

ማቆም ነበረብኝ ይሆናል። ግን ልጆቹ በጥር መጀመሪያ ፈተና ሲጽፉ አየኋቸው። ወረቀቱ ባዶ አልነበረም። ደካ ብላክም ልክፈለው፣ ይህን ግን አላቆምም አልኩ።

ጥምቀት አለፈ። ሱፐርቫይዘሩ አቶ ወልዴ መጡ። ረጅም ናቸው፣ ኮት ለብሰዋል፣ የቆዳ ቦርሳ ይዘዋል። ስማቸው በመምህራን ዘንድ ይፈራ ነበር። ያን ሳምንት ረድፎቹ ወደ መጀመሪያ ሥራቸው ተመልሰው ነበር። ክፍል ገቡና «እንደሌለሁ ቁጠሩኝ» ብለው ወደ አራተኛው ረድፍ ሄዱ፤ በላይነሽ ተጠጋችላቸውና አጠገቧ ተቀመጡ። ፎርማቸውን ዘርግተው ስለ እኔ መጻፍ ጀመሩ።

በላይነሽ ወደ እሳቸው ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ስትናገር አየሁ። የተባባሉትን በኋላ ነው የሰማሁት።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው ጥያቄ የእርስዎ ነው።»

«ምን?»

«አንደኛውን እኔ እይዛለሁ። ሁለተኛውን እርስዎ።»

ልጅቷ የምትቀልድ መስሏቸው «እሺ፣ እሺ» ብለው ወደ ፎርማቸው ተመለሱ።

የዕለቱ ትምህርት ሥር እንዴት ውሃ እንደሚስብ ነበር። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ተረባረቡ። ፕላዝማው አበቃ። እኔ ጠመኔዬን ይዤ ሰሌዳው ጋ ቆምኩ። ቃሉ መጣ። ሥዕሉ መጣ። ምክንያቱ መጣ። አራተኛው ረድፍ ተጠራ። በላይነሽ አንደኛውን ጥያቄ ከነመልሱ ሳታጓድል ተናገረች።

«ሁለተኛው?»

ማንም አልተነሣም።

«ሁለተኛው የማን ነው?» አልኩ።

በላይነሽ ጎኗን ዞር ብላ አየች። «የጋሼ ነው።»

ስድሳ ምናምን ራስ በአንድ ጊዜ ወደ አቶ ወልዴ ዞረ።

«የእኔ?» አሉ ብዕራቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ። «ምን ነበር የጠየቀው?»

«አለፈ!» አለ ከሥዕል ረድፍ አንዱ። «ፕላዝማ አይደግምም!»

ከኋላ አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ «መጥረጊያ» አለ። ሌላው ተቀበለው። «መጥረጊያ! መጥረጊያ!» ክፍሉ ሞቀ። እመቤቴ ሆይ፣ አልኩ በልቤ፤ ደካ ሳይሆን ከደካም ማዶ ነው የምሄደው።

«ልጆች!» አልኩ። «እንግዳ ናቸው!»

በላይነሽ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ በአክብሮት ተነሣች። «ቲቸር፣ ይቅርታ። ዳዶ ላይ እንግዳ የለም።»

አቶ ወልዴ ልጅቷን አዩዋት። እኔን አዩኝ። ብዕራቸውን ከደኑ። ኮታቸውን አወለቁና ዴስኩ ላይ አጣጥፈው አኖሩት።

«መጥረጊያው የት ነው?»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። የዞኑ ሱፐርቫይዘር በክራቫታቸው ዘጠነኛ ዲን ጠረጉ። አጠራረጋቸው ደግሞ መከራ ነበር።

«ጋሼ፣ ከጥግ ነው የሚጀመረው!»

«ኧረ አቧራውን ወደ እኛ አያምጡት!»

«ከዴስኩ ሥርም አለ፣ ጋሼ!»

እሳቸው ሲጠርጉ ሥራው አልቆመም። ያመለጠችው ጥያቄ መገኘት ነበረባት። የቃል ረድፍ «ሩት ሄር» የሚል ቃል ይዟል፤ የሥር ፀጉር ማለት ነው። የሥዕል ረድፍ ጢም ያወጣ ሥር ስሏል። የሦስተኛው ረድፍ ልጅ «ስለዚህ ብዙ ይጠጣል» የሚል ጽፏል።

«እንግዲያውስ» አለች በላይነሽ ጣቷን አገጯ ላይ አድርጋ፣ «ሰውዬው የጠየቀው ‹ሥሩ ፀጉር ለምን አስፈለገው?› ብሎ ነው። አንድ አፍ ካለው አንድ ይጠጣል። ሺህ አፍ ካለው ሺህ ይጠጣል።»

አቶ ወልዴ መጥረጊያውን ተደግፈው ቆሙ። «ይህችን ነበር የጠየቀው» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን ትዝ አለኝ። ይህችኑ ነበር።»

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ እንግዳቸውን ምሳ ሊወስዱ መጥተዋል። እንግዳቸው ሸሚዛቸውን ጠቅልለው፣ አቧራ ለብሰው፣ መጥረጊያ ይዘዋል።

«አቶ ወልዴ! ይሄ… ማነው ይህን… አስካለ!»

«አይረብሹን፣ ጋሽ ደምሴ» አሉ አቶ ወልዴ። «ድርሻዬን ጥዬ ነው። በሩ ላይ አይቁሙ፤ እዚህ ቆሞ ማየት አይቻልም።»

ክፍሉ ፈነዳ። እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ። ሳቄን ያየችው ጥቁር ሰሌዳዋ ብቻ ናት።

ከምሳ በኋላ ቢሮ ተጠራሁ። አቶ ወልዴ ኮታቸውን ለብሰዋል። ጋሽ ደምሴ ላብ በላብ ሆነዋል።

«መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሉ አቶ ወልዴ። «ዓመቱን ሙሉ በየክፍሉ ስዞር የምሰማው ክርክር አለ። ፕላዝማው ይሻላል ወይስ መምህሩ? እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ጌታዬ፣ ፕላዝማው ብዙ ያውቃል» አልኩ። «ግን አይጠብቅም። እኔ ትንሽ ነው የማውቀው፤ እጠብቃለሁ።»

ወደ ጋሽ ደምሴ ዞሩ። «መምህርት አስካለ ደካ ትሄዳለች።»

ወንበሩን ያዝኩ።

«ነገ ጠዋት። ለአንድ ሳምንት። ደካ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ፕላዝማ ገብቶለት መምህራኑ ጎኑ ቆመው ያዩታል። ይህን የክፍሏን ዳዶ ታሳያቸውና ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። ቦታዋ እዚህ ነው። ለዞኑ እኔ እጽፋለሁ።»

ከደካ ላመልጥ ይህን ሁሉ ሆኜ፣ ማምለጤ ራሱ ደካ ሆነ። ሳቅና እንባ አብረው መጡ። ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ። ጋሽ ደምሴ «እኔ እኮ ዱሮም ብያለሁ» አሉ። ምን እንዳሉ ግን አልነገሩንም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጆች በስልክ፣ በኢንተርኔት ይማራሉ። ወጣት መምህራን ያንኑ የአቶ ወልዴን ጥያቄ ይጠይቁኛል። ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። ስክሪኑ ከእኔ ይበልጥ ያውቅ ነበር፤ ሥዕሉም ከእኔ ጠመኔ ይበልጣል። ማን እንዳልገባው ግን አያይም። ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ከስክሪን ጥቂት ይይዛል። ተካፍለው የሚይዙ ልጆች ብዙ ይይዛሉ። የሚያካፍላቸው መምህር ነው።

ያኔ ግን፣ አቶ ወልዴ በወሰኑ ማግስት፣ ማልጄ ተነሣሁ። ትልልቆቹን ልጆች ለባለቤቴ ትቼ፣ ትንሿን አዝዬ፣ መናኸሪያ ወረድኩ። የደካ አውቶብስ ሞልቶ ሊነሣ ነበር። ረዳቱ ሻንጣዬን ተቀብሎ ፊቴን አየ።

«እትዬ፣ መምህር ነዎት?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«ወደ ደካ ተመድቦ እየሳቀ የተሳፈረ መምህር አይቼ አላውቅም።»

ልጄን ጡት አጉርሼ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ፤ አውቶብሱ ተነሣ።